በዕለቱ የተሰረዘው የእናቴ ቲኬት

እናቴ ኢየሩሳሌም ልትሳለም ነው ተብሎ ሰፈራችን ግልብጥ ብሎ የሸኛት በሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ቲኬቷን አይቼ «ደህና ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም ሰው ይህን ቃል ቢናገር ይታለፍለታል። እኔ ግን እንጀራዬ ቲኬት ነው።

ደባርቅ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የአውሮፕላን ቲኬት እቆርጣለሁ። ድሮ ደንበኞቻችን ተራራውን ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆች ነበሩ። ከተራራው ካምፕ፣ ከሳንቃ በር ወርደው፣ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ይገቡና በረራቸውን በአንድ ቀን እንዳዘገይላቸው ይለምኑኛል። ፈረንጁ ሲሳሳ የአገሩ ሰው ተተካ። ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ አለ፣ ልጁን ዐረብ አገር የሚሸኝ አለ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ወረቀት ልኮለት ቪዛ የሚጠይቅም አለ።

ሰው ሥራችን መሸጥ ብቻ ይመስለዋል። የሚያስቸግረው የተሸጠውን ማስተካከሉ ነው። የስም ፊደል ይሳሳታል፤ ተጓዡ ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ ሐሳቡን ይለውጣል። ይህ በዚያው ቀን ከሆነ ቀላል ነው፤ ቲኬቱን «ቮይድ» እናደርገዋለን። ቮይድ የተደረገ ቲኬት እንዳልተሸጠ ይቆጠራል፤ ቅጣት የለው፣ ክርክር የለው። የቀኑ ሽያጭ ተዘግቶ ሪፖርቱ ለአየር መንገዶቹ ከተላለፈ ግን ነገሩ ከእጃችን ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቀን ለመቀየርም ሆነ ገንዘብ ለማስመለስ ደጅ መጥናት አለ።

ይህችን የአንድ ቀን ዕድል ለሌላ ነገርም እንጠቀምባት ነበር። ቪዛ የሚጠይቅ ሰው «ኤምባሲው የተቆረጠ ቲኬት አምጣ አለኝ» ብሎ ይመጣል። ቪዛው ከተከለከለ ቲኬቱ ሊባክን ነው ብሎ ይፈራል። እኔም ቲኬቱን እቆርጥለታለሁ፣ ቁጥር ያለበትን ወረቀት አትሜ እሰጠዋለሁ፣ ሪፖርቱ ሳይዘጋ ደግሞ ቮይድ አደርገዋለሁ። አየር መንገዶቹ ይህን አይወዱም፤ ቮይድ የሚያበዛ ቢሮ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ሰሞን ከብዶኝ ለአሠሪዬ ነግሬው ነበር።

«ውሸት አይደለም እኮ» አለኝ እየሳቀ። «እስኪመሽ ድረስ እውነተኛ ቲኬት ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ አልከበደኝም።

እናቴ የተወለደችው በዳባት በኩል ባለ አንድ መንደር ነው። ከእነሱ ግቢ በታች፣ ከወንዙ አጠገብ፣ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ነበሩ። ከመካከላቸው የአንዷ ሸክላ ሠሪ ልጅ የእናቴ የነፍስ ጓደኛ ነበረች። አብረው ውኃ ይቀዳሉ፣ አብረው ኩበት ይለቅማሉ። አብሮ መብላት ግን ክልክል ነበር። በዚያን ጊዜ ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ይፈራል፤ አያቴም ልጇን «ከእነሱ ቤት እህል ብትቀምሺ ወዮልሽ» ትላት ነበር። እናቴ ተደብቃ ትበላለች። አንድ ቀን በጓደኛዋ ቤት ደጃፍ ጎርሳ ሳለች አያቴ በድንገት ደረሰች። እናቴ ደንግጣ የጎረሰችውን መሬት ላይ ተፋችው፤ ያጎረሰቻት የጓደኛዋ እናት እዚያው ቆማ እያየች።

ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ጎህ ሳይቀድ መንደሩን ለቅቆ ወጣ። በሱዳን በኩል ሄዱ መባሉ የተሰማው በኋላ ነው። እናቴ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ አገኘችው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎልማሳ ከእስራኤል መጣ። እናቱ የተወለደችበትን መንደር ሊያይ ነው የመጣው። አማርኛው ቆረጥ ቆረጥ ይላል። እናቴን በልጅነት ቅጽል ስሟ እየጠራ ሲያፈላልግ ሰው ወደ እኛ ቤት አመጣው። ስልኩን አውጥቶ ደወለና ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«አንቺው ነሽ?» አለች።

«እኔው ነኝ፤ አንቺስ አለሽልኝ?» አለ ከወዲያ የመጣው ድምፅ። አማርኛው እንደ መንደራችን አሮጊቶች ዝግ ያለ፣ የሞላ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ ሳይለወጥ እዚያ ተቀምጦ ቆይቷል።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ሕፃናት ይሆናሉ። አንድ ቀን ጓደኛዋ «እኔ ጉልበቴ አልሆነልኝም፣ አንቺ ነይ። ፋሲካን ኢየሩሳሌም ታከብሪያለሽ፣ ከዚያ ቤቴ ትቀመጫለሽ። ጾም ነው እያልሽ ግን አታታልይኝም፤ ቤቴ ትበያለሽ» አለቻት።

እናቴ ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

የጓደኛዋ ልጅ መጥሪያውን ላከ። ከቀናት በኋላ ቲኬቱ በስልኬ ደረሰ፤ ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ፣ ከነመመለሻው። ቢሮ ነበርኩ። ቁጥሩን አስገብቼ ተመለከትሁ። ስሟ ትክክል ነው፣ ቦታዋ ተይዟል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል። አተምሁና ማታ ቤት ወሰድሁላት።

«ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው እማ።»

እናቴ ማንበብ ባትችልም ወረቀቱን ግንባሯን አስነክታ፣ ከመጽሐፈ ኪዳኗ መካከል አኖረችው። ከዚያ አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ ቪዛዋን አስጨረሰላት። ቪዛው እስኪወጣ ሳምንታት አለፉ። በነዚያ ሳምንታት ውስጥ ያንን ቁጥር እንደገና አላስገባሁም። ኔትወርክ አልነበረም ብዬ ማሳበብ እችላለሁ፤ አንዳንድ ቀን በእርግጥ አልነበረም። በነበረበት ቀንም አላስገባሁም። በፍቅር የተላከ ነገር ደግሞ ይመረመራል እንዴ?

አንድ የደባርቅ ሰው አሜሪካ ቢሄድ ዘመዱ ይሸኘዋል። ኢየሩሳሌም ሲሄድ ግን ሁሉም የሚሸኘው የራሱን ነፍስ ይመስለዋል። ወሬው እንደተሰማ ቤታችን ሰው አላጣም። ጧፍ አምጥቶ «በጎልጎታ አብሪልኝ» የሚል አለ፤ መቀነቷን ፈትታ «መቃብሩን አስነኪልኝ» የምትል አለች። አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ቆይቷል። የልጇን ሻሽ አጥባ፣ አጣጥፋ አመጣች። ምን አድርጊልኝ እንደምትል አልታወቃትም። «ብቻ ይዘሽው ግቢ» አለቻት። እናቴ ሁሉንም ተቀበለች። በሶው፣ ቆሎው፣ ሽሮው ለጓደኛዋ ነው፤ ጧፉና መቀነቱ ሻንጣዋን ግማሽ ያዘው።

ቅዳሜ ጠዋት የማኅበሯ ሰዎች አንድ ሚኒባስ ተኮናትረው መጡ። የንስሐ አባታችን ከፊት ተቀመጡ። ዳባትን ስናልፍ የእናቴ እህት መንገድ ዳር ቆማ ስለነበር አሳፈርናት። እስከ ጎንደር ድረስ መዝሙር ነበር። እናቴ ነጭ ለብሳ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። እንደዚያ ቀን ወጣት ሆና አይቻት አላውቅም።

ሸኚዎቹ ከአየር ማረፊያው አጥር ውጭ ቀሩ። ያለ ቲኬት ከዚያ ማለፍ ስለማይቻል፣ እኔን ብቻ ለእናቴ ረዳት ነኝ ብዬ ብለምን ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጅ ፓስፖርቷን ተቀብሎ ጻፈ። ቆም አለ። እንደገና ጻፈ።

«ስማቸው በበረራው ላይ የለም» አለ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። የቲኬቱን ቁጥር አስገባ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኼ ቮይድ ነው። በተቆረጠበት ቀን ማታ ነው የተሰረዘው» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ቮይድ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ መጠየቁም እፎይታ ይሆነው ነበር። እኔ ግን ምንም የሚነገረኝ አልነበረም። ወረቀቱ ለቪዛ ተብሎ የተቆረጠ፣ ጠዋት ተወልዶ ማታ የሞተ ቲኬት ነው። እንደሱ ያለ ስንቱን በገዛ እጄ አትሜአለሁ። እኔ ባየሁት ሰዓት ሕያው ነበር። ቲኬት በተቆረጠበት ቀን ሕያው መሆኑ ምንም ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ አልነበረም።

ልጁ የቢሮ መታወቂያዬን አየና «አንቺ የደባርቋ ነሽ እንዴ? በስልክ እንተዋወቃለን እኮ» አለ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ሌላ ቲኬት እንዲፈልግልኝ ለመንሁት። ለበዓሉ የሚጓዘው ሰው ሁሉን ይዞታል፤ እስከ ፋሲካ ማግሥት ቦታ የለም።

እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻንጣዋን በጉልበቷ ደግፋ ትጠብቀኛለች። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«እማ፣ ቲኬቱ ተሰርዟል።»

«ማን ሰረዘው?»

«እዚያ የቆረጡት ሰዎች። ስሕተት ነው።»

«እኛ ጋ ያለውስ?»

«እኛ ጋ ያለው አይሠራም። ወረቀት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ አልሄድም?»

«ዛሬ አትሄጂም።»

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ለጓደኛዋ ልጅ ልደውል ስል እጄን ያዘችኝ። «ተዪ» አለች። «እሷ ይህን ብትሰማ በልጇ ፊት፣ በአገሩ ሁሉ ፊት ታፍራለች። ደግሳ ጠርታ፣ ሜዳ ላይ አስቀረች ልትባል? አይሆንም። አሟታል በያቸው።»

«እማ፣ እውነቱን ብንነግራቸው እኮ...»

«አሟታል በያቸው ብያለሁ።»

ጻፍሁ። «እናቴን አሟት ስለነበር ዛሬ አልተጓዘችም፤ ይቅርታ» ብዬ ላክሁ። ከዚያ እናቴ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝና «አጥፊልኝ» አለችኝ።

ይህን ስናደርግ አውሮፕላኑ ተነሣ። በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ሁለታችንም አየነው። ከአጥሩ ውጭ ሸኚዎቻችን ቆመው ይጠብቁ ነበርና እልልታቸው እስከ አዳራሹ ድረስ ተሰማ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

መውጣት ነበረብን። ሌላ በር የለም፤ ሚኒባሱም የሚጠብቀው እኔን ነው። ከፊት ከፊት ሄድሁ፤ እናቴ ከኋላዬ ሻንጣዋን ይዛ ተከተለች። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ወደ ሰማይ እንደያዙ ናቸው፤ አውሮፕላኑ በተራራው ጀርባ ሲሰወር ይባርካሉ። አክስቴ እያለቀሰች ትስቃለች። መጀመሪያ እኔን አዩኝ። «እሰይ፣ ሸኘሻት?» አለች አንዷ። ቀጥሎ እናቴን አዩ።

አባ መስቀላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» አሉ።

«ቲኬቱ አልሠራም፣ አባ» አልሁ።

«እንዴት? አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትሠሪው?» አለች አክስቴ። ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም። በእርግጥ ግራ ገብቷት ነው።

አባ «በሉ ዝም በሉ፣ እግዚአብሔር ያወቀው ነው» ብለው ወደ ሚኒባሱ መሩን። ስንመለስ የዘመረ የለም። ዳባት ስንደርስ አክስቴ እናቴን ጉንጯን ስማ ወረደች፤ እኔን ግን ትከሻዬን ብቻ ነካ አደረገችኝ።

በማግሥቱ ሆሳዕና ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። በሕይወቷ ሆሳዕና ሲያመልጣት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዘንባባ ያመጣልን የጎረቤት ሰው በር ላይ አስቀምጦ፣ ሳያንኳኳ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ግን ተነሥታ ሻንጣዋን ከፈተች። ጧፉን ለየች፣ መቀነቱን ለየች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኋት።

«የሰው አደራ ቤቴ አያድርም። ልመልስ ነው።»

«ከፋሲካ በኋላ መልሺው።»

«አሁን ይሻላል። ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ሰው አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም። አቀርቅሬ ሰጥቼ አቀርቅሬ እወጣለሁ።»

አብሬያት ሄድሁ። ቢሮ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ብቻዋን እንዴት ልልቀቃት? በየቤቱ ደጃፍ ቆማ «እንካችሁ፣ አልሆነልኝም» ትላለች። ሰዉ ደግ ነበር። «ምነው እቴ፣ ለሌላ ጊዜ ነው እንጂ» ይላታል፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ ያዞራል። አንድ ሽማግሌ ጧፋቸውን ተቀብለው፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ባለፈው ለወንድሜ ልጅ የቆረጥሽለትስ... እሱም እንዲህ ነው?» አሉኝ። ያ ልጅ ለኤምባሲ ብዬ ቆርጬ ማታ የሰረዝሁለት ነበር። ራሱ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ። እሳቸው ግን አያውቁም። ወረቀቱን አይተው በሬ ሸጠው ጫማና ኮት ገዝተውለታል።

«እሱ ቪዛው ሲወጣ እንደገና ይቆረጣል፣ አባባ» አልሁ።

«እንደገና?» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ።

የባለ ሻሿ ቤት መጨረሻ ነበር። ጎረቤታችን ሻሹን በእናቴ እጅ ስታየው ወደ ኋላ ሸሸት አለች። «እኔ ኢየሩሳሌም ልኬዋለሁ፤ አልቀበልም» አለች። «መንገድ ላይ ያለ ነገር ይመለሳል እንዴ?» እናቴ ብትለምናት፣ ብትለማመጣት እምቢ አለች። ሻሹን ይዘን ተመለስን። እናቴ በሣጥኗ አኖረችው።

ፋሲካ አለፈ። የእናቴ ስልክ ቢከፈትም ከእስራኤል የሚደውል ጠፋ። እናቴ በየቀኑ ታየዋለች፤ «ባትሪው ደህና ነው?» ትለኛለች። እሷ ራሷ ልትደውል ደግሞ አልቻለችም። ታምሜያለሁ ያለች ሰው ምን ብላ ትጀምር?

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ቢሮ ሳለሁ የጓደኛዋ ልጅ ደወለ። ሰላምታው ደረቅ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እናትሽ ለምን ቀሩ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«አሟት ነበር» አልሁ።

«አላመማቸውም። ደባርቅ የማውቀው አስጎብኚ አለ። በዚያው ሳምንት በእግራቸው ከቤት ቤት ሲሄዱ አይቷቸዋል። እናቴ በጉልበቷ በሽታ አየር ማረፊያ ድረስ ሄዳ ነበር። ሰንበት እስኪወጣ ስልኬ ዝግ ስለነበር መልእክትሽን ያየሁት እዚያ ነው። ከልጅ ልጆቿ ጋር አበባ ይዛ ቆማለች። አሁን ምን ትላለች መሰለሽ? ‹ቤቴ መብላቱን ስታስበው ተጠየፈችኝ። ያኔም ተፍታዋለች› ትላለች። ቀን ከሌት ይህንኑ ነው የምትለው።»

እናቴ ጓደኛዋን ከኀፍረት ለማዳን ብላ ዝም አሰኘችኝ፤ ዝምታችን የስንት ዘመን ቁስል ቀሰቀሰ።

«ቲኬቱ ቮይድ ነበር» አልሁት። ሁሉንም ነገርሁት። ባንኮኒውን፣ ሚኒባሱን፣ እልልታውን፣ ጧፉን። አላቋረጠኝም።

«እዚህ ያለው የቲኬት ወኪል መጀመሪያ ለቪዛ ብሎ ነው የቆረጠው፤ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ቪዛው እንደወጣ ዋናውን ቁረጥ ብዬ መልእክት ላክሁለት። የበዓል ሰሞን ነው፣ ቢሮው ዝግ ነበር። መልስ እንዳልሰጠኝ እንኳ ልብ አላልሁም። ወረቀቱ እጄ ላይ ስለነበረ... ያለቀ መሰለኝ።»

«እኔም ወረቀቱ እጄ ላይ ስለነበረ ነው» አልሁት።

በዚያው ምሽት ጓደኛዋ ደወለች። እናቴ ስልኩን አንሥታ «እህትዬ» ብላ አለቀሰች። ከወዲያም ልቅሶ ነው። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ «ያን ጊዜ የተፋሁት እናቴን ፈርቼ ነው፤ አንቺን አይደለም፣ እናትሽንም አይደለም» ስትል ደረስሁ። ጓደኛዋ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እናቴ ግን «እሺ... እሺ እህትዬ... እሺ» እያለች ደጋግማ መለሰችላት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ሄደች። ቲኬቱን በተቆረጠ ዕለት አየሁት፣ በማግሥቱ አየሁት፣ እስክትሄድ ድረስ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። አሠሪዬ «አበድሽ እንዴ?» ይለኛል። ለኤምባሲ የሚቆረጠውን ነገር ከዚያ ወዲህ ተውሁ ብል ደስ ባለኝ፤ አልተውሁም። ብተወው ሰዉ ጎንደር ሄዶ ያስቆርጣል፣ እኔም ከሥራዬ እሰናበታለሁ። ነገር ግን አሁን ተጓዡን ብቻ ሳይሆን አብሮት የመጣውን አባት፣ እናት፣ አጎት ቁጭ አድርጌ «ይህ ወረቀት ማታ ይሰረዛል። ይህን አይታችሁ ከብት እንዳትሸጡ፣ ሰው እንዳትሰናበቱ» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ ቅር ብሏቸው ይወጣሉ። አሠሪዬም ገበያ ታባርሪያለሽ ይለኛል።

እናቴ በዚህኛው ጉዞ ለማንም አልተናገረችም። ጧፍ አልተቀበለችም፣ መቀነት አልያዘችም። ከሣጥኗ ያንን ሻሽ ብቻ አውጥታ በቦርሳዋ ከተተች። ማለዳ በአውቶቡስ ጎንደር ወረድን፤ ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ያው የበፊቱ ነበር። የመሳፈሪያ ወረቀቷን አትሞ በሁለት እጁ ሰጣትና «መልካም ጉዞ፣ እናቴ» አላት። እኔን አላየኝም፤ አውቆ ይመስለኛል፣ አመሰገንሁት። አውሮፕላኑ ሲነሣ ከአጥሩ ውጭ ብቻዬን ቆሜ ነበር። እልል ልበል ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣኝም።

ስትመለስ ፊቷ ሞልቶ፣ እጇ ላይ ጓደኛዋ የሰጠቻትን ሰዓት አስራ መጣች። ሻሹን ይዛ ገብታ ጎልጎታን ተሳልማለች፤ ጓደኛዋ በከዘራ እየተደገፈች እስከ በሩ አድርሳት፣ ደጅ ተቀምጣ ጠብቃታለች። የሰፈሩ ሰው ግን ተቆጣ። «ሳትነግሪን? እንደ ሌባ ተደብቀሽ?» አሏት። የማኅበሯ ሴቶች ለአንድ ሰሞን አኩርፈዋት ነበር። እሷ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞረች ይቅርታ ስትጠይቅ፣ እኔ እንደገና አብሬያት ዞርሁ።

አንድ ነገር አለ። እናቴ እስከ ዛሬ «ቲኬቱን ከዚያ በኋላ ደግመሽ አይተሽው ነበር ወይ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ሥራዬን ሰዎች ሲጠይቋት «ልጄ ቲኬት ትቆርጣለች፣ ጎበዝ ናት» ትላለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሰማሁ። እንዲህ ስትል ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ ወይም የምሠራው ነገር ያለ ይመስል ወደ ጓዳ እገባለሁ። ባለፈው ሳምንትም አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጥታ «እናትሽ ወደ አንቺ ሂዱ ብላን ነው» አለችኝ። ወንበር ሰጠኋቸውና የልጅቷን ፓስፖርት ተቀበልሁ።